አጥሩ ላይ ያሉት እማማ

የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቤት ስመለስ የቀለምና የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሰፈሩን አጥር ሁሉ ግራጫ እየቀቡት ነው። ደክሞኛል፤ ሽታው ግን የልጅነቴን አንድ ቀን አስታውሶ አስቆመኝ።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የጎረቤታችን የጋሽ ወልዴ ቆርቆሮ አጥር የመንገደኛ ሁሉ መሽኛ ነበር። «መሽናት ክልክል ነው» ብለው ቢጽፉበትም የሰማቸው የለም። አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ሰናይት ለበራችን ከተገዛው በተረፈ ቀለም፣ ነጠላ የለበሱ፣ ፊት ለፊት የሚያዩ አሮጊት ሳለችበት።

«አጥሬን አበላሸሽው!» ብለው ጋሽ ወልዴ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ይዘው ወጡ። ሊያጠፉት ሲሉ አንድ ሰውዬ ቀበቶውን እየፈታ ወደ አጥሩ ዞረ። ቀና ሲል ከአሮጊቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ውይ፣ ይቅርታ እማማ!» ብሎ ቀበቶውን እያሰረ ሄደ።

ጋሽ ወልዴ ጨርቁን እንደያዙ ቆሙ። «ጥፋቱስ ጥፋት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ይቆይ።»

ጥፋት ከሆነ ለምን እንደሚቆይ አልገባኝም ነበር።

አሁን በዚያ አጥር ላይ ግራጫው ያልሸፈነው የእማማን ዓይኖች ብቻ ነው። ቀለም ቀቢውን «እሳቸውን እንኳ ብትተዋቸው?» አልኩት።

«አንድ ዓይነት አድርጉት ነው የተባልነው፣ እህቴ» አለኝና ሮለሩን አሳለፈባቸው። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

አመሻሽ ላይ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። አንድ ሰውዬ ቀበቶውን እየፈታ ወደ አጥሩ ዞረ። ቀና ቢልም የሚያፍራቸው እማማ አልነበሩም።