ክፍቱ ጣሪያና የአስካለ ክረምት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። እኔ፣ አሰላ ከተማ የእህል መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው። ባለቤቴ አስካለ። ልጃችን ትዕግሥት፣ ሮም ውስጥ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት እያስታመመች የምትኖር። አራተኛው ጎረቤታችን ጀማል ነው፤ ጋሪ ነጂ፤ ከአስካለ ቀጥሎ በእኔ ላይ እንዲስቅ የተፈቀደለት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ወደ ሮም የተነሣሁ ዕለት ሊነጋጋ ሲል ዝናብ ይጥል ነበር። የጭላሎ ተራራ ከነመኖሩም አይታይም። አስካለ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጩኮ በጣሳ አድርጋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችና፣ "ወረቀትህን ቶሎ ጨርስና ክረምት ሳይገባ ውሰደኝ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እንደተነገረን መጀመሪያ እኔ ገብቼ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ እዚህ ፔርሜሶ የሚሉትን፣ መያዝ አለብኝ። የእሷ ጉዳይ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ጀማል በጋሪው መናኸሪያ አደረሰኝ። "ነጋቲ፣ ጋሼ" ብሎ በኦሮምኛ ተሰናበተኝ። "ያንን ቀዳዳ ጣሪያ አይተው ይደውሉልን።"

ስለ ጣሪያው ልንገራችሁ። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቀሪውን የተማርኩት ከአንድ ሽፋን የሌለው የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ነው፤ የስኳር መጠቅለያ ሊሆን ሲል ከባለሱቅ እጅ ያስጣልኩት። ውስጡ ፓንቴዎን የሚባለው የሮም ጥንታዊ ቤት ሥዕል ነበረ፤ ማለት ግማሹ። የታችኛውን ግማሽ ባለሱቁ አስቀድሞ ጨው ቋጥሮበታል። ስለዚህ ግዙፉን ክብ ጣሪያና አናቱ ላይ የተተወውን ክፍት አውቃለሁ፤ ወለሉን አላውቅም። ይህን ለልጄም ለጎረቤትም አስተምር ነበር። ጀማል ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለው።

"ዝናቡስ፣ ጋሼ? ውሃው የት ይሄዳል? ቀዳዳ ጣሪያ ከሆነ እኮ የእኔም ቤት አለ።"

የማያውቁትን ፈጥሮ መናገር ውሸት ነውና "መጽሐፉ እዚያ ጋ ተቀድዷል" እለው ነበር።

ሮም ስገባ ሙቀቱ አሰላ ሰኔ ላይ ከምንለብሰው ካፖርት ጋር አጣላኝ። ፓስታቸው ከኛው ይጠነክራል፤ ያልበሰለ መስሎኝ ትዕግሥትን ተቆጣኋት። እኛ ስንለያይ የምንለውን "ቻው" እነሱ ሲገናኙም ይሉታል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስላመድ፣ የጣት አሻራ የምሰጥበት ቀጠሮ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከከተማው ዳር ባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት፣ ኬስቱራ በሚሉት። ያን ዕለት ጠዋት ከመጣሁ ጀምሮ ያላየሁት ዝናብ ወረደ።

"ተነሽ፣ ፓንቴዎንን እንይ" አልኳት ትዕግሥትን።

"አባባ፣ ዛሬ?"

"ዝናብ ያለው ዛሬ ነው።"

"ቀጠሮውስ? የእማማስ ነገር?"

"አይተን እናልፋለን።"

በረንዳው ላይ ስንደርስ፣ ቤቱ ለጣዖት ተሠርቶ በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ነገረችኝና ትኬት ልትገዛ ሄደች። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የምናደርገው የታወቀ ነው። ጫማዬን አወለቅሁ። ጭቃ ስለነበረው በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ከአንድ ትልቅ ዓምድ ሥር አስጠጋሁት። ትዕግሥት ተመልሳ እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ ዓይኗ ከሰዓቷ ስላልተነሣ እግሬን አላየችም።

ከገባሁ በኋላ መጀመሪያ የፈለግሁት ምሰሶ ነው። ጎጆ ስንሠራ ምሰሶ እናቆማለን፤ አናቱን በጉልላት እንዘጋለን። እዚህ መሐሉ ላይ ምሰሶ የለም፤ አናቱም አልተዘጋም። ያ ሁሉ ክብደት ባዶ አየር ላይ ተቀምጧል። በክፍቱ ዝናቡ ይወርዳል፤ ግን ቤቱን አያርስም፤ መሐል ላይ ብቻ እንደ ብርሃን ዓምድ ቆሞ ይወርዳል። ሰዉ ዙሪያውን በደረቅ ቆሞ ያያል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀና ስል ደመናው በክፍቱ ላይ ሲያልፍ ቤቱ ራሱ የሚዞር መሰለኝ። ወደ ታች አየሁ፤ በባለሱቁ እጅ የጠፋብኝን ግማሽ። የእብነ በረዱ ወለል በማይታወቅ ሁኔታ ያዘነብላል፤ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በዝምታ ወደ እነሱ ይገባል። ሠሪዎቹ ሰማዩን ሲከፍቱ የውሃውን መንገድ አብረው አስበዋል። የእኔ አያት ቅድመ አያት ሳይወለድ በፊት አስበዋል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁም።

"አባባ፣ ጫማዎ የት አለ?" አለች ትዕግሥት።

ስንወጣ በረንዳው በገመድ ታጥሯል። ሰዉ ርቆ ቆሟል፤ የታጠቁ ፖሊሶች ፈንጂ መስሏቸው ፌስታሌን ከበዋል። "ጫማዬ ነው" ብዬ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ያዙኝ። ትዕግሥት እየሮጠች መጥታ ማስተርጎም ጀመረች።

"ለምን ጥለውት ገቡ? ይላል።"

"አልጣልኩትም። በር ላይ አወለቅሁት።"

"ለምን በጥቁር ፌስታል ሸሸጉት? ይላል።"

"ጭቃ ነበረው። በሰው ደጅ ጭቃ አይራገፍም።"

"እዚህ ማንም ጫማውን አያወልቅም፣ ይላል።"

"አይቻለሁ። እሱንም ራሱን ልመክረው አስቤ ነበር በይው።"

ይህችኛዋን አልተረጎመችም።

ጣቢያ ወስደው ሲመረምሩኝ ዋሉ። ጫማዬን ለፍተሻ አስቀርተው ለቀቁኝ። ኬስቱራ በካልሲ ደረስኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው አንገቱን አስግጎ እግሬን አየ፤ ትዕግሥት መሐል ሆና አስተረጎመችን።

"ጫማህ የት ነው?"

"ፖሊስ ወሰደው።"

"ፖሊስ እኛ ነን።"

"እንግዲያው እናንተ ጋ ነው።"

ሳቀ። ከዚያም ሰዓቱ አልፏል ብሎ መስኮቱን ዘጋ። የተሰጠኝ ሌላ ቀጠሮ መስከረም ካለፈ በኋላ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ትዕግሥት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ "ለእማማ እኔ አልነግራትም" አለች።

"ያጠፋው ራሱ ይናገራል" አልኳትና ደወልኩ። አስካለ ሁሉንም ሰማች።

"ካልሲህ ንጹሕ ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"ንጹሕ ነበር።"

"ውሃውስ የት ይሄዳል?"

ነገርኳት። "ቆይ" አለች፤ "ጀማል ጣሪያችን ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ከጓዳው በላይ ማፍሰስ ጀምሯል።" ጮኻ ነገረችው። ድምፁ ከላይ መጣ፦ "በይ ለጋሼ ንገሪያቸው፣ የኛ ወለል አይጠጣም!"

ሳቀችና ስልኩን ዘጋች። ሳቋ ግን ቶሎ ነው ያለቀው።

ለተሰደዳችሁ ወገኖቼ ምክሬ አጭር ነው፤ ቀጠሮ ባላችሁ ቀን ታሪክ ለማየት አትውጡ። ያንን ዝናብ ባላየሁት ይሻል ነበር ግን አልልም፤ ውሸት ይሆናል። ያስከፈለንም ይኸው ነው። ጀማልን አንድ ቀን ጣሪያ ላይ መዋል፤ ትዕግሥትን የአንድ ቀን ደመወዝ፤ እኔን ሶሉ ለፍተሻ የተቀደደ ጫማ፤ አስካለን አንድ ሙሉ የአሰላ ክረምት፣ ብቻዋን።