የመረጥሽው ሰው ሥራው ምንድን ነው?

ልብስ ሰፊዋን አንድም ምርጫ አምልጧት አያውቅም። አንድ ጠዋት ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ጡረተኛ መምህር፣ “ለመሆኑ የመረጥሽው ሰው ሥራው ምንድን ነው?” ሲሏት የስፌት መኪናዋን አቆመች።

“ሕግ ያወጣል መሰለኝ፤ ኧረ እንጃ ጋሼ!”

ከዚያ ወዲያ ልቧ አላርፍ አለ። የሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፤ ፈታችው፤ ደግማ ገለበጠችው። በመጨረሻ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ ተመራጩ ቢሮ ገሰገሰች።

“ምን ጉዳይ ነበረሽ እህቴ?” አላት ዘበኛው።

“የመረጥኩት ሰው ምን እንደሚሠራ ልጠይቀው ነው።”

ዘበኛው ሊስቅ ብሎ ተወው። “እኔም የመረጥኩት እሱን ነው። ስድስት ዓመት እዚህ በር ላይ ስቆም ይህን የጠየቀ ሰው አላየሁም።”

ተመራጩ አልነበረም፤ ሐሙስ ተመለሺ ተባለች። ሐሙስ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ፣ ዘበኛው የዕረፍት ቀኑ ሆኖ ሳለ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከባለጉዳዮች መሀል ተቀምጧል።

“ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ” አላት።