ሃጂ ሳሊምና የአባቴ ዶማ

ኮምቦልቻ ላይ ቆዳ የጫነ መኪና በደጄ ሲያልፍ፣ ያ ጨው የተነሰነሰበት የእርጥብ ቆዳ ሽታ እጄን ይዞ ደሴ ይመልሰኛል፤ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፣ እኔ ግን የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነውና እስኪያልፍ ቆሜ እስበዋለሁ።

ክረምት ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤታችን ሲገባ፣ አባቴ በሃጂ ሳሊም የቆዳ መጋዘን ሲሸከም ውሎ ረጥቦ ይመጣ ነበር። ሃጂ ሳሊም የመናዊ ነበር፤ ጨርቅ በጀርባው አዝሎ እየሸጠ ነው የመጣው ይሉታል፣ እኔ ሳውቀው ግን መጋዘንም፣ የጭነት መኪናም፣ ባለ ፎቅ ቤትም ነበረው። ዝናቡ ሲያባራ የሰፈሩ ሰው ከመጋዘኑ ግንብ ተጠግቶ ስለ እሱ ይከራከር ነበር፤ ግማሹ አገሩን ጋጠው ይላል፣ ግማሹ እንጀራ ሰጠን ይላል፣ አንድ ቀልደኛ ልብስ ሰፊ ደግሞ «በሬው የኛ፣ ቢላው የኛ፣ ጨው ከአፋር፣ ታዲያ እሱ ምን አመጣ?» እያለ ሲያስቃቸው፣ አባቴ «ለቆዳው ገዢ አመጣ» ብሎ ይመልስለት ነበር። ያኔ ይወደው ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሃጂ ሳሊም ከመጋዘኑ በላይ አራት ክፍል ትምህርት ቤት አሠርቶ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ ያለ ክፍያ ከፈተ። አባቴ እጄን ይዞ ወስዶ አስመዘገበኝ። እናቴ ከዱቄት ከረጢት የደብተር መያዣ ሰፋችልኝ፤ ከትምህርት ስመለስ የያዝኩትን ፊደል በከሰል ግድግዳው ላይ እየጻፍኩ አሳያት ነበር፣ እሷም ማንበብ ስለማትችል፣ የሳትኩትንም ያገኘሁትንም እኩል «ማሻአላህ» ትለው ነበር።

ኅዳር ላይ እናቴ ታማ በአራት ቀኗ ሞተች። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ የኛ ቅሬ ሕግ አንድ ነው፤ ጡሩምባው ሲነፋ አባል የሆነ ሁሉ ራሱ መጥቶ ይቆፍራል፣ ራሱ ይሸከማል። ሃጂ ሳሊም አባል ነበር፣ አባቴ ሁሴን ደግሞ የቅሬው ዳኛ። በዚያ ቀን ግን መኪና የሚጫንበት ቀን ሆኖበት፣ ዘበኛውን አካፋ አስይዞ፣ አንድ ጆንያ ሩዝ ጨምሮ ላከ። ዘበኛው ምስኪን ከሁላችንም በላይ ቆፈረ። በሦስተኛው ቀን ሃጂ ሳሊም ለተዕዚያ፣ ሊያጽናናን መጣና ከአባቴ ጎን ተቀምጦ፣ «ያ ሁሴን፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ፤ ሥራ ይዞኝ ነው፣ ሰው ልኬ ነበር» አለው።

አባቴ ቀና ሳይል፣ «የላኩት ዘበኛ ደህና አድርጎ ቆፍሯል» አለ። «እርስዎም ሲሞቱ እሱኑ ይልኩልናል?»

ለቀስተኛው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ሃጂ ሳሊም ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሩዙ ሳይፈታ ተመለሰለት፣ እኔም በሳምንቱ «የሱን ጣሪያ አትጠለልም» ተብዬ ከትምህርት ቤት ወጣሁ። አባቴ ራሱ ግን ሰኞ ጠዋት ተነስቶ እዚያው መጋዘን ገባ፣ እኔንም ጨው እንድነሰንስ ይዞኝ ገባ። ብጠይቀው፣ ቆዳው የላባችን ዋጋ ነው፣ ትምህርቱ ምጽዋት ነው አለኝ። ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በጋውን ሙሉ፣ የተሰነጠቀ ጣቴን ጨው እየበላው፣ ከላይ እኩዮቼ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ እሰማ ነበር፤ በቃሌ ያዝኩት፣ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር።

በልግ ሲገባ ሃጂ ሳሊም ታመመ። ልጆቹ የመን እንውሰድህ ቢሉት፣ የዚህን አገር በልቻለሁ፣ የዚህ አገር አፈር ይብላኝ ብሎ እምቢ አለ ተባለ። የሞተ ዕለት ቅሬው ሁሉ ያባቴን ፊት ያይ ጀመር። ልብስ ሰፊው «እንግዲህ ሁሴንም ዘበኛ ቀጥሮ ይላክ» አለ፤ የሳቀለት የለም። አባቴ ዶማውን ከበሩ ጀርባ አንስቶ ወጣ፣ ለማንም ሳያቀብል እስከ ወገቡ ቆፈረ፣ ጀናዛውንም ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ በእጁ ተቀብሎ አሳረፈው። እኔ ከዳር ሆኜ፣ ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ገብተን እግሩን ሳጥበው፣ ታዲያ ነገ ትምህርት ቤት ልመለስ ወይ አልኩት። ጭቃው ሲለቅ ሌላውን እግሩን አቀበለኝና፣

«አሁንማ ጨው ለምደሃል» አለኝ።

ሟቹን ይቅር አለ፣ ለኔ ግን የተረፈ ይቅርታ አልነበረውም።

ፊደል ቆጥሬ የጨረስኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ዛሬ ልጄ የውጭ አገር ሰው በከፈተው ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች፤ ጎረቤቶቼም ያንኑ የድሮውን ክርክር ይከራከራሉ፣ ጋጠን፣ አይ አበላን እያሉ። በቀደም ከልጄ ጎን የምትሠራ፣ ከገራዶ መንደር የመጣች ልጅ ብትሞት፣ ፋብሪካው የአበባ ጉንጉንና ገንዘብ ያለበት ፖስታ ልኳል። መጥፎ አይደለም። ባለቤቱን ግን ልጄ አይታው አታውቅም፣ ስሙንም ብጠይቃት አላወቀችውም።

ሃጂ ሳሊም ጠቅሟል ወይ ለሚለኝ፣ አዎ ጠቅሟል እላለሁ፤ ከእነዚያ አራት ክፍሎች ሐኪም ወጥቷል፣ መምህር ወጥቷል፣ እኔ አልወጣሁም እንጂ። ደሴ ስወጣ መቃብሩ ጋ እቆማለሁ፣ ከእናቴ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። የአባቴ ዶማ አሁን ከኔ በር ጀርባ ቆሟል፣ ጡሩምባው ሲነፋ አንስቼው እወጣለሁ። የልጄ አሠሪ የሞተ ዕለት ግን የሚነፋው ጡሩምባ እኛ ሰፈር አይሰማም።