ከአሰብ የመጡ ሁለት ዓሦች

ባለፈው ክረምት ሽንኩርት ልገዛ ሰኞ ገበያ ወርጄ ዝናብ ያዘኝ። ከአንዲት ጨው ነጋዴ ሸራ ሥር ገባሁ። ጆንያዎቹ ከሥር ውሃ ስበው ኖሮ የረጠበ ጨው ሸተተኝ። ደረቅ ጨው ሽታ የለውም። ሲረጥብ ግን ይሸታል፤ ትንሽ የብረት፣ ትንሽ የጭቃ፣ ትንሽም የአሮጌ ጆንያ ነገር አለው። ነጋዴዋ «እማማ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ፣ ይበሰብሳሉ» ስትለኝ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን እዚያው ጆንያው ላይ ጎንበስ አልሁ። ኮምቦልቻ፣ ከአስፋልቱ ጀርባ የነበረ አንድ ክፍል እንደዚያ ይሸት ነበር። የጋሽ ሰኢድ ክፍል።

ጋሽ ሰኢድን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት ነበርን። እኔ ፊደል ስቆጥር እሳቸው ጎረምሳ ሆነው አሰብ ወደብ ሥራ ፍለጋ ወረዱ። በዓመት አንዴ ለአረፋ ሲመጡ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በራቸው ላይ ይሰፍራል። አንድ ዓመት በሶዳ ጠርሙስ የባሕር ውሃ ይዘው መጡ። ወንድሜ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየና፣ «ይኼማ የኛው የቧንቧ ውሃ ነው!» አለ። እሳቸው አልተከራከሩትም። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጣትሽን ንከሪና ቅመሽ» አሉኝ። ቀመስሁ። ፊቴ ሲጨማደድ ልጁ ሁሉ ሳቀ። እናቴ ጩኸቱን ሰምታ፣ «ልጄን ምን አጠጣሃት?» እያለች ከጓዳ ወጣች።

«ባሕር ነው ያጠጣኋት፣ እትዬ።»

እስከ ዛሬ ከዚያ ሌላ ባሕር አላየሁም።

መንግሥት ተለውጦ ከአሰብ ብዙ ሰው ሲወጣ እሳቸውም አብረው ወጡ። ጸጉራቸው ሸብቶ፣ ትከሻቸው ጎብጦ ነበር። እኔም ያኔ ትልቅ ሴት ነኝ፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ዕቃ ክፍል እሠራ ነበር። ቢሆንም «አንቺ ልጅ» ማለታቸውን አልተዉም። ባለቤታቸው የአሰብ ተወላጅ ስለነበሩ እዚያው ቀሩ። አንድ ልጃቸው ፋጡማም ከእናቷ ጋር ቀረች። መንገዱ ክፍት ስለነበር ማንም እንደ መለያየት አልቆጠረውም። መኪናው እንደሆነ ቀን ከሌት ይመላለሳል።

ጋሽ ሰኢድ ከአሰብ ይዘውት የወጡት ዋና ዕቃ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን ነው። አልጋ የሚያህል፣ በብረት እግር ላይ የቆመ። መጀመሪያ ደሴ አስቀምጠውት ነበር፤ የባሕር ዓሣ ግን የደሴን ብርድ አልቻለውም፣ በጎኑ እየተኛ አስቸገረ። ስለዚህ ወደ ሞቃቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱና መንገድ ዳር ጎማ መጠገን ጀመሩ። ባል የሞተባቸው እህታቸው ዘምዘም ቤቱን ሊይዙላቸው አብረው ወረዱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እጠይቃቸው ነበር። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው፤ ብርሃኑ ያለው መስታወቱ ውስጥ ነው። ድንጋዮቹ ላይ እንደ አበባ የሚከፈቱና የሚዘጉ ነገሮች ነበሩ። ቢጫ ዓሣ፣ ጥቁር ዓሣ፣ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጠብጣብ ያለባት ዘምዘም «ሙሽራዋ» የሚሏት ነበረች። አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር ሌት ተቀን ያንጎራጉራል። መብራት ሲጠፋ ጋሽ ሰኢድ የተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ያመጡና አየሩን በቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው ይለቁታል። ከመነዳሪው እየሟሸሸ ሲሄድ እሳቸው ዓይናቸውን ከአረፋው አይነቅሉም።

የባሕሩን ውሃ ከአሰብ በቢጫ ጀሪካን የሚያመጣላቸው ሐሰን የሚባል የተሳቢ ሾፌር ነው።

«ወላሂ ጋሽ ሰኢድ፣» ይላል ጀሪካኑን ሲያወርድ፣ «የደሴ ሰው የሚጠጣው አጥቶ ወረፋ ላይ ቆሟል፣ እኔ ለዓሣ ውሃ እጭናለሁ። እነዚህን መቼ ነው ጠብሰው የሚያበሉኝ?»

«አንተን ጠብሼ ለነሱ ባበላቸው ይሻላል። ግን ስብህ ውሃውን ያበላሽብኛል።»

ዓሦቹን የምትይዘው ፋጡማ ነበረች። ሕፃን ሳለች ባሕሩ ሲሸሽ ከአባቷ ጋር በድንጋዩ መሐል እየዞረች በመረብ ትይዝ ነበር አሉ። አባቷ ከወጡ በኋላም አልተወችም፤ ከነውሃው በላስቲክ አድርጋ፣ ላስቲኩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ለሐሰን ትሰጠዋለች። በዚያ መስታወት ውስጥ ከእሷ እጅ ያልመጣ ዓሣ አልነበረም። ጋሽ ሰኢድ ስለ ልጃቸው ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ መስታወቱን በጨርቅ እየወለወሉ፣ «ስትመጣ ሁሉንም ትቆጥራለች፤ አንዱ እንኳ ቢጎድል ታውቃለች» አሉ።

አዲስ የመጣ ዓሣ በሽታ ይዞ እንደሆነ ስለማይታወቅ ወዲያው ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም። ይህን ያስተማራቸው አሰብ የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ለዚህ የተለየ ትንሽ መስታወት ነበራቸው። አሸዋ የለው፣ ድንጋይ የለው፤ ባዶ ነው። ዓሣው የሚደበቅበት አንድ ቁራጭ የላስቲክ ቱቦ ብቻ ውስጡ ተጋድሟል። በዚያ ውስጥ መድኃኒት ይደረግበታል። መድኃኒቱ የመዳብ ጨው ነው፣ ተማሪዎች ኮፐር ሰልፌት የሚሉት ሰማያዊው። ለዚህ ነበር ወደ እኔ የሚመጡት። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ሲሰሙ ስቀው ፈቀዱ፤ እኔም በቤተ ሙከራው ሚዛን መዝኜ፣ በተጣራ ውሃ በጥብጬ በትንሽ ጠርሙስ እሰጣቸው ነበር።

«ሲበዛ ይገድላቸዋል፣ ሲያንስ በሽታው ይስቅብናል» ይሉኛል። በዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ ያንጠባጥቡና ቁጭ ብለው የዓሣውን አተነፋፈስ ያያሉ። ትልቁ መስታወት ውስጥ ግን ጠብታ አይገባም፤ በድንጋዮቹ ላይ እንደ አበባ የሚከፈቱትን ነፍሳት መዳብ ይፈጃቸዋል። ስለዚህ በሽታው አንዴ ትልቁ ውስጥ ከገባ ማውጫ የለውም። ጊዜውን በጨረቃ ነበር የሚለኩት። ጨረቃ ስትወለድ የገባ ዓሣ፣ የምትቀጥለው ጨረቃ እስክትወለድ ብቻውን ይቆያል።

ዘምዘም ይህን ነገር አንድም ቀን አልወደዱትም። ደግ ሴት ነበሩ። እሳቸው ባደጉበት የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ ያድርለታል፣ ካልሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ አጠገቡ ይቀመጣል። ትንሹን መስታወት «እስር ቤቱ» ነበር የሚሉት።

«ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት? አገራቸውን ለቀው መምጣታቸው አነሰና!»

«ዘምዘም፣ እስር አይደለም። ሕክምና ነው።»

«ሐኪም ቤትም ቢሆን እኮ አስታማሚ ያስገባል።»

እንዲህ ይነታረኩና ሁለቱም ይስቃሉ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓሦች የመጡት በጦርነቱ ዋዜማ ነው። ብርቱካናማ ናቸው፣ ወገባቸው ላይ ነጭ መታጠቂያ ያላቸው፣ አንዱ ከአንዱ የማይርቅ። ሐሰን ላስቲኩን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። «ፋጡማ መጥቼ እስካያቸው አደራ ብላለች» አለ። የዚያን ቀን አልቀለደም፤ መንገዱ ላይ ያየው ነገር አላማረውም መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ስልኩም ተቋረጠ። ኮምቦልቻ ተሳቢው ሁሉ በየዳሩ ቆመ፤ ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ። ጋሽ ሰኢድ ያላቸው የባሕር ውሃ በመስታወቱ ውስጥና በጥቂት ጀሪካን ያለው ብቻ ነው። ከልጃቸው በመጨረሻ የደረሳቸውም እነዚያ ሁለቱ ናቸው።

በመጀመሪያዋ ጨረቃ መጨረሻ፣ ከትንሹ መስታወት ወጡ ሊባል ሲል፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነገር ታየ፤ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ሰውነታቸውን ከቱቦው ጋር ያሻሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ጋሽ ሰኢድ እንደገና «ሀ» ብለው ጀመሩ። እኔም መድኃኒቱን እንደገና መዝኜ አወረድሁላቸው። ነጩ ከጥቂት ቀን በኋላ ጠፋ። ዘምዘም «አልሐምዱሊላህ፣ ድነዋል» አሉ።

«አልዳኑም። በሽታው ወርዶ ውሃው ውስጥ ተደብቆ ነው። ጨረቃዋ ትዙር።»

ጨረቃዋ ሳትዞር መውሊድ ደረሰ። ጋሽ ሰኢድ እንደ ልማዳቸው ገራዶ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ሊያከብሩ ወጡ፤ ቤቱን ለእህታቸው ተዉ። ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ተሰብስቦ መንዙማው ሲሰማ፣ ዘምዘም ከዚያ ክፍል ገቡ። ኋላ ሲነግሩኝ፣ «በትልቁ መስታወት ሁሉም አብረው ይበላሉ። እነዚያ ሁለቱ ባዶው ውስጥ ቱቦ አቅፈው ያዩኛል። በመውሊድ ቀን! አንጀቴ አልቻለም» አሉኝ። የዓሦቹን ሰውነት አየት አደረጉ፣ ነጭ የለም። በመረብ ጨልፈው ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሏቸው።

ጋሽ ሰኢድ በማግስቱ ሲመለሱ እኔም ከደሴ ወርጄ እዚያው ነበርሁ። በሩ ላይ ቆመው ትንሹን መስታወት አዩ፣ ከዚያ ትልቁን። ዘምዘም በደስታ፣ «እይ፣ እንዴት እንደተስማሙ!» አሉ። ሁለቱ ድንጋዩ ሥር ገብተው፣ እንደ አበባ ከሚከፈተው ነገር መሐል ይጫወታሉ። ደስ ይሉ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ጋሽ ሰኢድ ጫማቸውን አወለቁ፤ ገብተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«በዓል አደረግሽላቸው?» አሉ።

«ምነው፣ አጠፋሁ?»

እሳቸው በርጩማውን ወደ ትልቁ መስታወት አስጠጉ።

በመጀመሪያ ነጭ የጣለባት ሙሽራዋ ናት። ከዚያ ጥቁሩ። ጋሽ ሰኢድ በትንሹ መስታወት የሚችለውን ያህል እያስገቡ ማከም ሞከሩ፤ ዓሣው ስለበዛ ውሃው ተበላሸ፣ የሚለወጥ ውሃ ደግሞ የለም። የአፋር ጨው ገዝተው በቧንቧ ውሃ በጠበጡ፤ አልሆነም። የጎማ ሥራቸውን ዘግተው ያንን ክፍል ተቀመጡበት። ዘምዘም እህል መቅመስ ትተው ነበር። «እጄን ባደረቀው፣ ያ ረቢ፣ እጄን ባደረቀው» ሲሉ ጋሽ ሰኢድ ሰሟቸውና፣ «ተይ ዘምዘም። ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግሽው» አሉ። ስለዚያ ነገር ሲናገሩ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

የፋጡማ ሁለቱ ከሁሉም በኋላ ሄዱ።

ውሃውን አልደፉትም። ሞተሩ ቆመ። የኮምቦልቻ ሙቀት ትልቁንም ትንሹንም ቀስ እያለ ጠጣቸው፤ ውሃው በወረደ ቁጥር መስታወቱ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ክፍሉን ያ የረጠበ ጨው ሽታ የያዘው ያኔ ነው። ጋሽ ሰኢድ ጎማቸውን መጠገን ቀጠሉ። ከአሰብ ይመላለስ የነበረ ሾፌር ሲያገኙ መንገዱ ይከፈት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ እየቆዩ መጠየቁንም ተዉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ ክረምት ሞቱ። ትልቁን መስታወት አንድ ባለሱቅ ወስዶ ዳቦ ደረደረበት። ትንሹን ዘምዘም ለማንም አልሰጡም። ምንም ነገር አላስቀመጡበትም፣ አላጠቡትምም።

መንገዱ የተከፈተው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ሁላችንም ካረጀን። ፋጡማ መጣች። ልጆች ያደረሰች፣ አባቷን በግንባሯ የምትመስል ሴት። ዘምዘም ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱት። ስለ አባቷ ተለቀሰ። ከዚያ ፋጡማ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና፣

«ዓሦቹስ?» አለች። «የመጨረሻ የላክኋቸው ሁለቱ?»

ዘምዘም ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ትንሽ ቆይተው ሞቱ» አልኋት። «ብቻቸውን ግን አልነበሩም። መውሊድን ከሌሎቹ ጋር ነው የዋሉት።»

ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ መስኮቱ ሥር ወደተቀመጠው ትንሽ መስታወት ሄደች፤ ጎንበስ አለችና ጣቷን በነጩ መስመር ላይ አሳለፈች። ወደ አፏ ስትወስደው ዘምዘም እንዴት እንዳዩዋት አላውቅም።

«ተይ ልጄ» አሏት። «መድኃኒት አለበት።»