ሩቅ ያልሄደው አውሮፕላን

መንግሥትና አማፂያን በተዋጉበት ጊዜ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ተከራይቼ የምኖር ግንበኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት የመንግሥት የጦር አውሮፕላን ከከተማዋ ማረፊያ ሲነሳ ሰማሁና ደስ አለኝ። ሞቃዲሾ ደርሶ እስኪመለስ ያለ ድብደባ ሦስት ሰዓት አለን ብዬ አሰላሁና ባልዲዬን ይዤ ወደ ውሃው ጉድጓድ ወጣሁ። አክስቴ እንደማለት "ኤዶ" የምላት አከራዬ፣ ዛሬም ሳስባት የምመርቃት ሴት፣ ኮሌታዬን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ።

"ኧረ ኤዶ፣ ሸሚዜን ቀደድሽው! አብራሪው እኮ ሞቃዲሾ ነው የሚሄደው!"

"አንተ ሐበሻ፣ ማን ነገረህ? ተኛ!"

አፌን ሳልዘጋ ቤቱ ተናጠ። አቧራው ሲገለጥ ጉድጓዱ ከነአጥሩ የለም። ለካ አውሮፕላኑ ከሐርጌሳ እየተነሳ የሚደበድበው ራሷን ሐርጌሳን ነው።

ኤዶ አቧራዋን ሳታራግፍ ጫማዋን አጠለቀች።

"በል ውጣ! ሌላ ቦምብ ጭኖ እስኪነሳ ነው ጊዜ ያለን።"