ለሌላ ሰው ያለበስኩት ጋቢ

ነገሩ የሆነው አምና ሰኔ ላይ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር እፍረት ይይዘኛል፤ ግን ያ ቀን ይደገምልሽ ወይ ብትሉኝ ዓይኔን ሳላሽ እሺ እላለሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ወላጆቻቸው የታሰሩባቸውን ልጆችና ከእስር የሚፈቱ ሰዎችን የሚረዳ የሰፈራችን ማኅበር ውስጥ በፈቃደኝነት ገባሁ። የእኔ ሥራ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማመላለስ ነው። እስረኛ ጥየቃ የሚሄዱት ሌሎች ናቸው።

ከልጆቹ አንዷ ብሌን ናት። እናቷ በሕይወት የለችም፤ የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። አባቷ ታደሰ ሲታሰር ገና መዳህ አልጀመረችም። አያቷ "ልጅቷን እስር ቤት በር አላደርሳትም" ብለው ስለጸኑ አባቷን አታውቀውም።

እንግዲህ ታደሰ የሚፈታበትና ብሌን ከአፀደ ሕፃናት የምትመረቅበት ቀን አንድ ሆነ! አፌ ደግሞ አያርፍ፣ ጠዋት ጋዋኗን እያለበስኳት "ዛሬ አባትሽን ይዤልሽ እመጣለሁ" አልኳት።

"በምን አውቀዋለሁ?" አለችኝ።

"ጋቢ የለበሰው እሱ ነው" አልኳት።

ማኅበራችን ለሚፈታ ሰው እዚያው በሩ ላይ ጋቢ ማልበስ ልማዱ ነው። ሰውየው ክብሩ እንዳለ እንዲያውቅ ብለን ነው። በአሮጌዋ ቪትዜ ማረሚያ ቤቱ በር ደረስኩ። የታደሰን የድሮ ፎቶ ይዣለሁ፤ ቀጭን፣ ባለ ጎፈሬ ጎረምሳ ነው። ብዙ ሳይቆይ አንድ ቀጭን ሰው ፀጉሩን ተላጭቶ ወጣ። ምን ልጠብቅ! እልልታዬን ለቀቅኩት። ጋቢውን አልብሼው አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። "እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ልጄ!" ሰውየው ትከሻዬ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

በመሀል ከጎኔ አንድ ደልደል ያለ ሰው፣ "ይቅርታ እናቴ፣ የብሌንን አባት የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታደሰ እሱ ነው!

ያለበስኩት ሰው ሰይድ ይባላል። ደንግጦ ጋቢውን ሊያወልቅ ሲል "ኧረ በሞቴ! የለበሰ ሰው አይገፈፍም" ብዬ እጁን ያዝኩት። ማን እንደሚጠብቀው ጠየቅኩት።

"ማንም" አለኝ።

ላምበረት ሄዶ የወሎ አውቶቡስ ሊሳፈር ነው። መንገዳችን ስለሆነ ሁለቱንም ጫንኳቸው።

ቦሌ ቡልቡላን ስናልፍ ታደሰ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ላምበረት ስንደርስ "እኔም እዚሁ ልውረድ" አለኝ። "ልጄ ብትፈራኝስ? በጓደኞቿ ፊት ላሳፍራት ነው? አገሬ ልግባና ሰው ስመስል እመጣለሁ።"

ተቆጣሁ፣ ለመንኩት፣ አልሰማኝም። በሩን ሲከፍት ሰይድ ክንዱን ያዘው።

"ስማኝ ወንድሜ፣ እኔን እኮ በስህተት ነው ያቀፉኝ። እንደዚያም ሆኖ እንዴት እንዳለቀስኩ አይተሃል። አንተ የገዛ ልጅህ እየጠበቀችህ ልትሄድ ነው? ዝጋው፣ አብሬህ እሄዳለሁ።"

አውቶቡሱን ትቶ አብሮን መጣ።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ምርቃቱ ተጀምሯል። እዚያ የልጁ ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ወጥቶ ከመድረክ ይቀበለዋል። የብሌን ስም ተጠራ። ልጅቷ መድረኩ ላይ ቆማ ዓይኗን በሰው መሀል ታንከራትት ጀመር። ያኔ ነው ክው ያልኩት። የምትፈልገው ጋቢ ነዋ! ጋቢው ደግሞ ሰይድ ላይ! አየችው፤ ፈገግ ብላ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

"ጉድ ሆንኩ፣ ጋቢ የለበሰው አባትሽ ነው ብያታለሁ!" አልኩት ሰይድን።

ሰይድ ወዲያው ጋቢውን አውልቆ ታደሰን አለበሰውና ወደ ፊት ገፋ አደረገው።

ብሌን ቆመች። አንዴ ሰይድን፣ አንዴ ታደሰን አየች።

"አንተ ነህ?" አለችው ታደሰን።

"እኔ ነኝ፣ ብሌንዬ።"

ጋዋኗ እየጠለፋት ሮጣ ጋቢው ውስጥ ገባች። እኔም እልልታዬን ድጋሚ ለቀቅኩት፣ ግቢው በሙሉ ተከተለኝ። ሰይድ ከሁሉም በላይ ያጨበጭብ ነበር።

ወሎ አልሄደም። አያቷ ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብለው አስቀሩት፤ እንደቀረ ቀረ። ዛሬ ከታደሰ ጋር እዚሁ አባዶ ብሎኬት ያመርታሉ። ብሌን አጎቴ ትለዋለች።

የማኅበሩ ሰዎች እስካሁን ይስቁብኛል። ይሳቁ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አሁን ማረሚያ ቤት በር ስሄድ ትርፍ ጋቢ ሳልይዝ አልሄድም። ማንም ያልመጣለት ሰው ሲወጣ ካየሁ አልብሼው እልል እላለሁ። ያኔ ተሳስቼ ነበር፤ አሁን ግን አውቄ ነው።