የክፍል አንድ አራስ

አሶሳ የመጣሁት ለሁለት ቀን ስብሰባ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋና ወር ሙሉ ሆቴል ውስጥ ቀረሁ። ስብሰባው ስለ ተፈናቃይ እናቶች አያያዝ ነበር፤ ሳምቡሳው ግሩም ነበር።

ሆቴሉ ያረጀ ነው፤ ወጉን ግን አይለቅም። በረሮው እንኳ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። መጋረጃውን ለመግለጥ ሁለት ጎረምሳ ያስፈልጋል። ሻይ በብር ማንቆርቆሪያ ይቀርባል፤ ስኳር ግን ከከተማው ጠፍቷል።

አንሶላ የሚያጥቡት ወይዘሮ ኸድራ ናቸው፤ የባምባሲ ሰው። ጠዋት ጠዋት ክፍል አንድ ገብተው ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ይገፍፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ መልሰው ያነጥፋሉ። ክፍሉ «ለከፍተኛ እንግዳ» የተያዘ ነው። ተኩስ ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛ እንግዳም አልገባበትም።

«ንጹሑን ለምን ያጥባሉ?» ብላቸው፣

«አቶ ለገሰ እጠቢ አለ። እኔ አጥባለሁ» ብለው ሳቁ። አቶ ለገሰ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፣ «አንቺ» እያለ ያዛቸዋል።

ሳቁ ያለቀው ልጃቸው ሳሊማ የወለደች ዕለት ነው። ቤቷ ተቃጥሎ ከካማሺ የሸሸች ናት፤ የምታድረው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ። የእናቷ አንድ ክፍል ቤት በሌሎች ተፈናቃይ ዘመዶች ተጨናንቋል። ጠዋት ሆስፒታል ተገላገለች፤ ቁስለኞች መጡና አልጋው ተፈለገ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ኸድራ አራሷን ከነሕፃኑ በባጃጅ አመጧት፤ በዋናው በር አስገብተው ክፍል አንድ አስተኟትና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

አቶ ለገሰ እየሮጠ መጣ።

«ኸድራ! አብደሻል? የእንግዳ ክፍል እኮ ነው!»

«እንግዳ የለም። አራስ አለ።»

«ዛሬ ቢመጡስ?»

«ይምጣ። ወንድ ከሆነ አይገባም። በኛ ቤት የሕፃን ስም እስኪወጣ፣ ሰባት ቀን፣ ወንድ የአራስ ደፍ አይረግጥም።»

«ይሄ ቤትሽ አይደለም! ሆቴል ነው!»

«አልጋ ነው» አሉ ወይዘሮ ኸድራ።

ደሜ ፈላ። ሰውዬው ለባዶ ፍራሽ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ስታዩት ፍራሹ አባቱ ይመስላችኋል! «አንተ፣ የሰው ልጅ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። ዘወር ብሎም አላየኝ። ዘበኛውን ጠራ።

«ሙዐዊያ! አውጣቸው!»

ሙዐዊያ ቆመጡን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። «አቶ ለገሰ፣ እኔም ወንድ ነኝ።»

«እንግዲያው ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ከሥራ ተባረሻል፣ ኸድራ!»

ወይዘሮ ኸድራ ሽርጣቸውን ፈትተው እግሩ ሥር ጣሉት። «እሺ። ሠራተኛ ሳለሁ ታዘኝ ነበር። አሁን የአራስ እናት ነኝ። ማን ያዘኛል?»

አቶ ለገሰ አራስ የምታስወጣለት ሴት ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ከነፈ። ምግብ አብሳይዋ ትሩፋት ቅቤ የጠገበ ገንፎ በሁለት እጇ ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኙ።

«ዞር በልልኝ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ዞር አለላት።